ሂስ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ኢጎን (እኔነትን) ገለል አድርጎ የመስማት አሠራር

«አስተያየት ካለህ በግልጽ ንገረኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ምስጋና ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብለን እናልፈዋለን። ዞር ሲል ደግሞ የልባችንን ለሌላ ሰው እንናገራለን። ሥራው እንደነበረው ይቀራል። እኛም ተራችን ሲደርስ በተመሳሳይ መንገድ እንታማለን።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ አዙሪት ስለ መውጣት ነው። «ትሑት ሁኑ» የሚል ስብከት ግን አይደለም። ትሕትና ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አለቃችሁ በሰው ፊት «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላችሁ ትሕትና ከየት ይመጣል? ጆሮ ይግላል፣ ልብ ይመታል፣ አፍ ቀድሞ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት የሚያድነው አስቀድሞ የተለማመዱት አሠራር ነው። ከታች ያለውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንዲህ እንደሚያመን

እኛ አገር ሂስ መጥፎ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ «ሂስና ግለ ሂስ» የተለመደ ወግ ነበር። በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ መጣ። ከ1983 በኋላ ደግሞ ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ግምገማ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። እናንተ ቁጭ ትላላችሁ፣ ባልደረቦቻችሁ በተራ ይናገሩባችኋል። መጀመሪያ የሥራችሁ ጉድለት ይነሳል። ቀጥሎ ባሕርያችሁ ይመጣል። ከዚያ «አመለካከት» የሚባለው ይከተላል። በመጨረሻ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ማለት አለባችሁ። አልቀበልም ያለ ሰው ለእምቢታው ሌላ ሂስ ይጨመርለታል። ብዙ ሰው «ተቀብያለሁ» ያለው አምኖበት ሳይሆን ስብሰባው አልቆ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነው።

ይህን ያዩ ወላጆች ያሳደጉት ልጅ «አንድ አስተያየት ነበረኝ» ሲባል ቢሸማቀቅ አይገርምም። የተማረው ሂስ ማለት ሰውን ከወንበር ማውረጃ መሆኑን ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ክሉገር እና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አስተያየት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አንድ ላይ አዩ። በአማካይ አስተያየት ሥራን ያሻሽላል። ግን ከሲሶ በላይ በሆኑት ላይ ሥራው ከበፊቱ ባሰበት። የሰጡት ማብራሪያ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው፦ የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ተነስቶ ወደ ራሱ ሲዞር የአስተያየቱ ጥቅም ይቀንሳል። «ይህን እንዴት ላስተካክለው?» ማለት ትቶ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ማለት ሲጀምር ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራችን አንድ ነው። ነገሩን ከራሳችን ላይ አንስተን ሥራው ላይ መመለስ።

ደረጃ 1፦ የሚያምማችሁን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ

ሁሉም ሂስ እኩል አያምም። አንዱ «ወጥህ ጨው በዛበት» ቢባል ይስቃል፤ «እንግሊዝኛህ ገና ይቀረዋል» ቢባል ግን ሌሊቱን አይተኛም። ሌላዋ ስለ ሥራዋ የፈለጋችሁትን ብትሏት ትሰማለች። ስለ ልጅ አስተዳደጓ አንዲት ቃል ከተናገራችሁ ግን አበቃ። ክፍል ውስጥ አንደኛ እየወጣ ያደገ ልጅ ደግሞ ስህተት በተገኘበት ቁጥር ደረጃው የወረደ ይመስለዋል።

ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ሰው ይህን ቢለኝ ከሁሉ በላይ ያመኛል።» ለማንም አታሳዩ። ጥቅሙ በኋላ ነው። ያ ቦታ ሲነካ «አዎ፣ እዚህ ጋ ነው» ትላላችሁ። የሕመሙ መጠን ሁልጊዜ የጥፋቱን መጠን አይናገርም።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዋን ደቂቃ በዝምታ አሳልፉ

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

ሽሮ ሜዳ አንዲት ደንበኛ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ ልትወስድ መጣች እንበል። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። እጇን ልታነሳ ሞከረች፤ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አላት። «ጋሼ፣ ብብቱ ጋ ያዘኝ» አለች። ሰፊው ቀና ሳይል «እኔ በልኬትሽ ነው የሰፋሁት። ወፍረሽ ነው የሚሆነው» አላት። ልጅቷ ዝም አለች። ከፈለችና ወጣች። ሜትሩ የሰውየው አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አውርዶ ብብቱን ለመለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ምናልባት በእርግጥ ወፍራ ይሆናል። ምናልባት እጅጌው ሲቆረጥ ጠቦ ይሆናል። አሁን ማንም አያውቅም። የሚታወቀው ነገር በሚቀጥለው ወር እህቷ ስታገባ ሚዜዎቹ ሌላ ሱቅ እንደሚያሰፉ ነው።

ሰፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ስለሚወድ ነው የተቆጣው። ቀሚሱ ተነካ ሲባል እሱ የተነካ መሰለው።

ስለዚህ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የምትሠሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። እግራችሁን መሬት ላይ አደላድሉ። ረጅም ትንፋሽ አውጡ። ከዚያ ከሚከተሉት አንዱን በሉ፦

«እሺ፣ ልየው።»

«ጥሩ ነው የነገርከኝ። ላስብበትና እመለሳለሁ።»

«ገባኝ። ቀጥዪ።»

ቃሉን አስቀድማችሁ አፋችሁ ላይ ልመዱት። በንዴት ሰዓት አዲስ ዓረፍተ ነገር መፍጠር ከባድ ነው።

በዚያች ደቂቃ የማይባሉም አሉ። «አንተስ?» አይባልም። «ሌላው ሰው ሁሉ ወዶታል» አይባልም። «ጊዜ ስላልሰጣችሁኝ ነው» እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገ ይነገራል። «ማን ነህና ነው እኔን የምታርመኝ?» የሚለው በአፍ ባይወጣም ፊት ላይ ይነበባል፣ እሱንም ጠብቁ።

አንድ ሌላ አለ፤ ብዙ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። «አዎ፣ እኔ ድሮም አልረባም። ምንም አይሳካልኝም።» ይህን የሚል ሰው ኢጎውን የተወ ይመስላል። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን ወሬው ከሥራው ወጥቶ ስለ እሱ ሆኗል። አስተያየት የሰጠችው ምስኪን አሁን የመጣችበትን ትታ ማጽናናት አለባት። «ኧረ እንደዛ ማለቴ አይደለም፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ…» እያለች ትወጣለች። ሁለተኛ ምንም አትነግረውም። በቁጣም ሆነ በለቅሶ ሰውን ዝም ማሰኘት ያው ዝም ማሰኘት ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ቦታውን የሚያሳይ ጥያቄ

አብዛኛው ሂስ ሲመጣ ጥቅል ነው። «አልወደድኩትም»፣ «ይጎድለዋል»፣ «አልመጣልኝም» ይባላል። ሰዎች የደበራቸውን ነገር ያውቃሉ፤ ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን ሙያ ይጠይቃል። በጥቅሉ ከተቀበላችሁት ራሳችሁ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንዲዘረዝሩት እርዷቸው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃው የሩብ ዓመት ሪፖርት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ አይነበብም» አሉ። ባለሙያዋ ሦስት ቀን የሠራችበት ነው።

«እሺ። የትኛው ጋ ነው ያስቸገረዎት?»

«ገና ከመጀመሪያው! አራት ገጽ ሄጄ እንኳን በጀቱ ይበቃል አይበቃም አላወቅኩም።»

«በጀቱ ይበቃል አይበቃም የሚለው መጀመሪያ ቢመጣ፣ የቀረውስ?»

አገላበጡት። «የቀረው ደህና ነው። ሠንጠረዡ እንዲያውም ጥሩ ነው።»

እዩት። «አይነበብም» የሚለው ፍርድ በሁለት ጥያቄ «ድምዳሜውን ወደ አንደኛው ገጽ አምጪው» ወደሚል ሥራ ተለወጠ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳትጠይቅ ብትሄድ ኖሮ ሌላ ሦስት ቀን ቁጭ ብላ ደህናውን ሠንጠረዥ ታበላሽ ነበር።

ጥያቄው ሲጠየቅ ድምፅ ይቆጠራል። «ለምሳሌ?» የሚለው ቃል ክንድ አጣምሮ ቅንድብ ሰቅሎ ከተባለ የጥል ግብዣ ነው። ብዕር ይዛችሁ ጠይቁት። የሚጽፍ ሰው ሊጣላ የመጣ አይመስልም።

ደረጃ 4፦ አንድ ሌሊት አሳድሩት

ስትለያዩ ወዲያው ስልክ አታንሱ። ይህ ምክር ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። የጓደኛ ሥራ ከእናንተ ጎን መቆም ነው። ነገሩን ግማሽ ሳትጨርሱ «ተዪው ባክሽ፣ ቀንታብሽ ነው» ትላችኋለች። ማጽናኛ ተብለው ከሚነገሩት ሁሉ ይህን ያህል የሚጎዳ ያለ አይመስለኝም። ቅናት ነው ከተባለ በኋላ የሚታረም ነገር የለም። ተናጋሪዋ ወደ ጠላት መዝገብ ትገባለች፣ እናንተም ንጹሕ ሆናችሁ ትተኛላችሁ።

ከስልኩ ይልቅ ወረቀት ውሰዱና መሐሉን አስምሩ። በግራ «የተባለው» ብላችሁ የሰውየውን ቃል እንዳለ ጻፉ፤ ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። በቀኝ «የሰማሁት» ብላችሁ ውስጣችሁ የተረጎመውን ጻፉ። እንዲህ ይሆናል፦ በግራ «ስብሰባ ላይ ሰው ሲናገር ታቋርጫለሽ»። በቀኝ «ባለጌ ነሽ፤ ማንም አይወድሽም»።

ሁለቱ መሐል ያለው ርቀት ይገርማል። ቀኙን የጻፈው ማንም አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። ጠዋት ስትነሱ ቀኙን እጠፉትና ግራውን ብቻ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ አጭር፣ ደረቅ፣ ሊሠራ የሚችል ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ አበጥሩት

ሂስ ሁሉ ልክ አይደለም። ይህ መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ማንም የተናገረውን የሚቀበል ሰው ሆናችሁ ትቀራላችሁ። እሱ ደግሞ እድገት ሳይሆን ራስን ማጣት ነው።

ግራው ላይ የተጻፈውን እንዲህ ጠይቁት። ሰውየው ሥራውን አይቶታል ወይስ ስለ ሥራው ሰምቷል? ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ይህን ብሎኝ ያውቃል? አንድ ሰው ካለ አስቡበት። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ካሉ ክርክሩን ተዉትና ወደ ማስተካከል ሂዱ። ለማስተካከል ብሞክርና ሰውየው ተሳስቶ ቢገኝ ምን እከስራለሁ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ግማሽ ቀን» ነው።

የተናጋሪው ዓላማ በጥያቄዎቹ ውስጥ እንደሌለ አስተውሉ። ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። የማይወዳችሁ ሰው ከወዳጃችሁ በላይ አተኩሮ ያያችኋል። በክፋት የተናገረው ነገር እውነት የመሆን ዕድሉ አይቀንስም። ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል የሚሉት አባቶች አንድ ነገር አይተው ነው። ጠላትም ግን አንዳንዴ ያስለቅሳል፣ ያኔም ከንዴቱ ጋር መረጃውን መጣል ኪሳራ ነው።

እኛ ጋ ግን ትልቁ ችግር የከፋ ሂስ አይደለም። ጭራሽ አለመነገሩ ነው። ይሉኝታ አለ። የቤት ሠራተኛ ለእመቤቷ፣ ተማሪ ለመምህሩ፣ ምራት ለአማቷ በግልጽ አትናገርም። እኩያም ቢሆን ፊት ለፊት መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ ሂሱ ተሸፋፍኖ ይመጣል። ምግብ ሠርታችሁ «ምንም አይልም» ከተባለ አልጣፈጠም። ግጥም አንብባችሁ «ጥሩ ሙከራ ነው» ከተባለ ገና ነው። ንግድ ስትጀምሩ ታላቅ ወንድማችሁ «እንግዲህ እግዜር ይርዳህ» ብሎ ዝም ካለ ሒሳቡ አልታየውም። እንዲህ ሲሆን ቆንጆ መውጫ ስጧቸው። «ወደድከው?» አትበሉ፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው። «አንድ ነገር ብቀንስበት የቱን ልቀንስ?» በሉ። ይህ ጥያቄ ሰውየውን ከነቃፊነት ወደ አማካሪነት ያሻግረዋል፤ ይሉኝታውም ይለቀዋል።

ስድብ ግን ሂስ አይደለም። በቤሩት ወይም በሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት «አንቺ እንስሳ» ስትባል ከዚህ ውስጥ የምታበጥረው ነገር የለም። ቢሮ ውስጥም በብሔር፣ በመልክ፣ በጾታ የመጣ ነገር ለዚህ ወረቀት አይመጥንም። ለእሱ መፍትሔው መዝግቦ መያዝ፣ ለሚመለከተው መናገር፣ ካልሆነም መውጣት ነው። ቲክቶክ ላይ ፊቱን ያልገለጠ ሰው የጻፈውንም እንዲሁ እለፉት። «ድምፁ አይሰማም» ካለ ግን ማይክራፎናችሁን እዩ።

ደረጃ 6፦ አንዷን አርሙና ተመለሱ

ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አትሞክሩ። አንድ ምረጡ፤ በዚህ ሳምንት የሚሠራ። ሰው ማቋረጥ ከሆነ ችግሩ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁ ላይ ብዕር ያዙ፤ ሐሳብ ሲመጣ ጻፉት፣ ሰውየው ሲጨርስ ተናገሩት።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ወደ ተናጋሪው ተመልሶ መሄድ። «ባለፈው ያልሽኝን ሞክሬው ነበር። ዛሬ እንዴት አየሽው?» ይህች አንዲት ንግግር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ለውጡ መምጣት አለመምጣቱን ታውቃላችሁ። ያቺ ሰው ደግሞ ለእናንተ እውነት መናገር እንደማያስከፍል ትማራለች። ሁለተኛ ጊዜ ሳትጠይቋት ትነግራችኋለች።

ሂሱን አይታችሁ ካልተስማማችሁም ተመለሱ። «አሰብኩበት፤ በዚህ በዚህ ምክንያት እንዳለ ልተወው ነው። ግን ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» ማለት ይቻላል። መስማት መታዘዝ አይደለም።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ፣ በትንሹ

እስካሁን ያለው ሂስ ሲመጣ ስለሚደረገው ነው። ኢጎን በእውነት የሚያላላው ግን ይህ ነው፤ ለዚህም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ቅኔ ቤት ነው።

ጎንጅም ዋሸራም ዋድላም ይሁን አሠራሩ ይመሳሰላል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ። ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ፣ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ በመምህሩ ፊት ይናገራል። ጓደኞቹ ከብበው ይሰማሉ። መምህሩ ያርማሉ። ቤቱ አልመታም ይላሉ። ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም ይላሉ። የግሱ አገባብ ተበላሽቷል ይላሉ። አንዳንዱ መምህር በዘለፋም አይታማም። ተማሪው ይሰማል፣ ይይዛል፣ ይሄዳል። ነገ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ስምንት መስመር እስካለው መወድስ ይደርሳል።

እዚህ ውስጥ ሦስት ብልሃት አለ። አንደኛ፣ ሥራው ትንሽ ነው። በሁለት መስመር ላይ የወደቀ ሰው ሕይወቱ የወደቀ አይመስለውም። ሁለተኛ፣ እርማቱ የዘወትር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ሂስ ፍርድ ይመስላል፤ የየቀኑ ሂስ ግን የትምህርቱ አካል ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ይታረማል። ጎበዙም ሰነፉም በዚያው ቦታ ይቆማሉ፤ መታረም የሰነፍ ምልክት አይደለም።

ግምገማው ላይ የጠፋው ይህ ሁሉ ነው። ዓመት ሙሉ ዝም ይባላል፣ አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ይዘረገፋል፣ ስለ ሰውየውም ይሆናል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ግምገማን ቢኤስሲ በሚባል የሥራ ውጤት መመዘኛ ቅጽ ተኩት። ቁጥር ተጨመረበት፤ የሚመጣው ግን አሁንም በስድስት ወር ወይም በዓመት ነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ቅኔ ቤት አዘጋጁ። ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ምረጡ። አለቃ ባይሆን ይመረጣል፤ ደመወዛችሁ በእጁ ያለ ሰው ፊት መሳሳት ያስፈራል። ከዚያ ያልተጠናቀቀ ነገር አሳዩት። ይህ ወሳኝ ነው። ተጠናቆ፣ ተጠርዞ፣ «እንዴት ነው?» ተብሎ የቀረበ ሥራ ላይ ሂስ ያማል፤ ሁሉ ነገር አልቋል። ገና በእርሳስ ያለ ሥራ ላይ ግን ሁለታችሁም አብራችሁ ትሠራላችሁ። የሠርግ ቀሚስ ከሆነ ጥልፉ ሳይገባ አስለኩ። ንግግር ከሆነ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ለእህታችሁ አሰሙ። ኮድ ከሆነ አንድ ሺህ መስመር ሳይደርስ አሳዩ።

ጥያቄውም ጠባብ ይሁን። «አስተያየት ስጡኝ» ሰውን ያስጨንቃል። «እዚህ ጋ ሰለቸህ?»፣ «የቱ ጋ ጠፋህ?» ብትሉ ልጅም ይመልስላችኋል።

ከታች የመጣ ሂስ

ከአለቃ የመጣ ሂስ ያበሳጫል። ከበታች የመጣ ግን ያዋርዳል፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለናል። «ትናንት የመጣ ልጅ» የሚለው አባባል በየቢሮው አለ።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ጭጋግ፣ የሬዲዮ ንግግር መደራረብ፣ የጊዜ ጥበት። አንዱ ምክንያት ግን ከዚያ ወዲህ በየአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሲነሳ ይኖራል። ለመነሳት ሲንደረደር የነበረው አውሮፕላን ካፒቴን የአየር መንገዱ ዋና አሠልጣኝ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ መለሰ። መሐንዲሱም ረዳት አብራሪውም ሁለተኛ አልተናገሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ናሳ ባዘጋጀው ዓውደ ጥናት ላይ የአብራሪዎች የጋራ ሥራ እንደ ትምህርት መቀረጽ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን መጠየቅን፣ ካፒቴንም መጠየቅን መቀበልን ይሠለጥናል።

ከናንተ በታች ሰው ካለ አንድ ነገር ልመዱ፦ በስብሰባ መጀመሪያ የሚናገሩት እናንተ አትሁኑ። አለቃ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «ጋሼ እንዳሉት» ነው። ታናሹ ይጀምር። የተናገረው ስህተት ቢሆንም ያን ቀን አትመልሱለት፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እናንተን እያዩ ነው፤ መናገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል እየመዘኑ ነው።

ውጭ አገር ለምትሠሩ

ይህን በአጭሩ ልበለው። ጀርመን ወይም ሆላንድ ያለ አለቃ «ይህ ስህተት ነው» ካለ ስህተት ነው ማለቱ ነው፤ ተጣላኝ ብላችሁ አታኩርፉ፤ ምሳ አብሯችሁ ይበላል። እስራኤል ያላችሁም ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ግን ተቃራኒው ነው። አለቃው ሥራችሁን አሞግሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ መሐል ላይ «ይህን ብታስቢበት» ካለ ትእዛዝ ነው። ብዙ ሐበሻ ምስጋናውን ይዞ ይወጣና በዓመቱ መጨረሻ ይደነግጣል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ባያጣው ይገባ ነበር።

ፈንድታችሁ ከሆነስ?

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አንድ ቀን ትፈነዳላችሁ። እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ወይ ትጮኻላችሁ፣ ወይ ደግሞ እንደ አብዛኞቻችን ታኮርፋላችሁ። ኩርፊያ ከጩኸት ይከፋል። ጩኸት ያልቃል፤ ኩርፊያ ግን ሦስት ወር ይቆያል፤ በመጨረሻ ሁለቱም በምን እንደተጣሉ አያስታውሱም። ሽማግሌ እስኪገባ አትጠብቁ።

በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሰውየው ሂዱ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። የናንተን የልብ ስብራት ታሪክ መስማትም አይፈልግም። እንዲህ በሉ፦ «ያን ቀን ሳልሰማህ መለስኩልህ። ምን ልትለኝ ነበር?» ሰውየው መጀመሪያ «ኧረ ተወው፣ ምንም አይደል» ይላል። ይህ ይሉኝታ ነው፤ አትመኑት። «አይ፣ የእውነት ማወቅ ፈልጌ ነው» በሉና ብዕራችሁን አውጡ። እየቆየ መናገር ይጀምራል። ያኔ ከደረጃ 2 ጀምሩ።